ሁለት ሳንቲሞች፣ አንድ ጭረት

መምህሩ ሞተው የተገኙት ምንጩ ከደረቀ ወዲህ ሰው ጥሎት በሄደው መንደር፣ በአንድ የደረቀ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ብዙም ጥልቅ አይደለም፤ ከጎኑ ወጣ ወጣ ያሉትን ድንጋዮች እየረገጠ ጤነኛ ሰው ወርዶ ይወጣበታል። በጀርባቸው ተንጋለው፣ አንድ እጃቸው ከሥራቸው ታጥፎ፣ ጥቁሩ ገመድ አልባ ሄድፎን በሁለቱ ጆሮዎቻቸው ላይ እንደተደፋ ነበር። ከመሬት ሥር ብረት ሲያገኝ በሄድፎኑ የሚጮኸው፣ አሮጌ ሳንቲም የሚፈልጉበት ዲቴክተር ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ወድቆ፣ ባትሪው ሊያልቅ ስለተቃረበ ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።

«ምኑ ያጠያይቃል?» አለ ሃምሳ አለቃው ቀበቶውን ሽቅብ እየሳበ። «ሄድፎኑን ደፍተው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ወደ ኋላ ሲሉ ገቡበት። ምስኪን!»

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ወደ ጉድጓዱ ተመለከተች። ከልጅነቷ ጀምሮ ነገር የምታየው ዝም ብላ ነው፤ ካርታ ማንበብ ያስተማሯትም እኚሁ የተንጋለሉት ሰው ናቸው። የአቅራቢያው ከተማ ግማሽ ሕዝብ የእሳቸው ተማሪ ነበር። በጉድጓዱ ዙሪያ በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ክብ ሠርተው ተደርድረዋል።

«እነዚህን ማን ነው የደረደራቸው?»

«ራሳቸው ናቸው አሉ። ሰው እንዳይገባበት ብለው።»

«እንግዲያው እሳቸው እንዴት ገቡበት?» አለችና ጫማዋን አውልቃ ወረደች።

ቁስሉ ከጭንቅላታቸው ጀርባ ነው። ደሙ እስከ አናታቸው ፈስሶ ፀጉራቸው ውስጥ ደርቋል፤ የሄድፎኑ ማቀፊያ በደረቀው ደም ላይ ተደፍቷል። ማቀፊያው ግን ከላይም ከታችም ንጹሕ ነው። ሄድፎኑን በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ አነሳችው። በቀኝ ጆሯቸው ውስጥ፣ ልብ ብሎ ላላየ ሰው በማይታይ ቦታ፣ የቆዳ ቀለም ያላት ባቄላ የምታህል ነገር ተሰክታለች።

ያገኙትን የሚያስቀምጡበት የወገብ ቦርሳ ተገልብጦ ባዶውን ቀርቷል። ሰዓታቸው ግን እጃቸው ላይ ነው፤ የገንዘብ ቦርሳቸውም ከኋላ ኪሳቸው አልተነካም። ከደረት ኪሳቸው አንዲት ትንሽ ክብ የፕላስቲክ ሳጥን አወጣች። ስትከፍታት በጥጥ የተጠቀለሉ ሁለት የብር ሳንቲሞች አገኘች። በሁለቱም ላይ የአንድ ንጉሥ የጎን ፊት አለ፤ በሁለቱም ላይ ከንጉሡ አፍንጫ ተነስቶ እስከ ጆሮው የሚዘልቅ ጭረት አለ።

ሁለቱን ጎን ለጎን መዳፏ ላይ አስቀምጣ አስተያየቻቸው።

«ምን አገኘሽ?» አለ ሃምሳ አለቃው ከላይ።

«እንጃ» አለች። «ብቻ ሰው ገድሏቸዋል።»

ሬሳውን ያገኘው ራዲዮ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ስሙን ያገኘው ከነጋ እስኪመሽ ስለማይዘጋ ነው። አንቱ የሚለው ሰው የለም፤ ቢሉትም ይቀየማል። ከመምህሩ ጋር ያንን የፈረሰ መንደር ቤት ለቤት፣ ጓሮ ለጓሮ ለዓመታት አስሰውታል። አሁን በአንድ የፈረሰ ግድግዳ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን ያሻል።

«ትናንት አብራችሁ ነበራችሁ?» አለችው።

«አልነበርንም ልጄ። ተኳርፈናል። ማታ አልመጣም ብላ ሚስቱ ስትደውልልኝ ነው ማልጄ የበረርኩት።»

«በምን ተኳረፋችሁ?»

ራዲዮ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ወሬ አጠረው። «በዚሁ በሳንቲም ነገር። ሁለታችን አንድ ሕግ ነበረን፤ የተገኘ አይሸጥም። ለታሪክ ነው የምንሰበስበው። ባለፈው ሳምንት መጥቶ ‹ከመካከላችን የሚሸጥ አለ› አለኝ። እኔም ‹ሌባ ነህ ልትለኝ ነው?› ብዬ ጮህኩበት።»

«መምህር ሥራ ላይ ሆነው ጩኸት ይሰማሉ እንዴ?»

«ኧረ ሥራ ላይስ መድፍ ብትተኩሺ አይሰማም! ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ከሱ ጋር ለማውራት ሥነ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ትከሻውን እነካዋለሁ። ሄድፎኑን ያወልቃል፣ ኪሱን ይዳብሳል፣ ጆሮውን ይነካካል፣ ከዚያ ‹አሁን ቀጥል ራዲዮ› ይለኛል።» ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ሌላው ሰው ሁሉ ዝም በል ነው የሚለኝ። ቀጥል የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር።»

የመምህሩ ባለቤት ሳሎናቸው ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ግቢው በዘመድና በጎረቤት ተሞልቷል። ከግድግዳው ጋር አንድ የመስታወት ቁም ሳጥን ቆሟል፤ በውስጡ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ሳንቲሞች በየረድፉ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ሥር የተገኘበት ቤትና ጓሮ በመምህሩ ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ከላይኛው ረድፍ መጀመሪያ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነው።

«እዚህ ላይ የነበረው የትኛው ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የመጀመሪያው ነው። መጀመሪያ ያገኘው።» ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከቁም ሳጥኑ አሸሹ። «ጡረታ የወጣ ጊዜ ታሞ ነበር። ገላውን እንዳይመስልሽ፤ ልቡን ነው። ግድግዳ ላይ አፍጦ ይውላል። አንስቼ ካላጎረስኩት አይበላም። በኋላ ወንድሙ ያንን መሣሪያ ገዝቶለት ውጣ ውጣ ብሎ ገፋፋው። ያቺን ሳንቲም ያገኘ ቀን በዚያ ዕድሜው እየሮጠ ነው የገባው። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ!»

«ወንድማቸው የጥርስ ሠሪው ናቸው?»

«አዎ፣ የሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ወንድሙ ነው ማለት ይከብዳል፤ እናታቸው ስትሞት ገና በዳዴ ይሄድ ነበር። ባለቤቴ ነው አዝሎ፣ አስተምሮ፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃው። ያው እኛ ልጅ የለንም።»

ኢንስፔክተሯ ትንሿን ሳጥን አሳየቻቸው።

«የጆሮ መስሚያው መያዣ ናት» አሉ ወዲያው። «ዓመት አልፎታል መስሚያ ካደረገ። ወሬ እንዳላወጣበት አስምሎኝ ነበር፤ ኩራተኛ ነው። ዲቴክተሩን ሲይዝ አውልቆ በዚህች ውስጥ ያስቀምጣታል።»

«ትናንት ሲወጡ ምን አሉ?»

«‹አንድ ሰው አናግሬ እመለሳለሁ› አለኝ። ‹ማንን?› ስለው ‹ስመለስ እነግርሻለሁ፤ ምናልባት አብረን እንመለስ ይሆናል› አለ።» ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ሦስተኛ ሳህን አስቀምጬ ነው የጠበቅኩት።»

በከተማው አሮጌ ሳንቲም የምትገዛና የምትሸጥ አንዲት የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ብቻ አለች፤ ሱቋ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ቆሞ የቀረ የግድግዳ ሰዓት፣ የተሰነጠቀ መስታወት፣ እጀታው የወለቀ ፋኖስ እዚህም እዚያም ተከምሯል። ነጋዴዋ ወፈር ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሴት ናት። የመዳብ ጣሳ በጨርቅ እየወለወለች አነጋገረቻት።

«መምህር እኔ ዘንድ ሲገቡ አስቀድሜ የማውቀው በፉጨታቸው ነበር» አለች። «ኮፍያቸውን ጆሯቸው ላይ ሳብ ሲያደርጉት ያቺ መስሚያቸው ሲጥ ትላለች። እሳቸው ይደነግጣሉ፤ እኔ እንዳልሰማ ሆኜ ወደ ዕቃዬ እዞራለሁ። ምን ላድርግ?»

ኢንስፔክተሯ ሁለቱን ሳንቲሞች ከፊቷ አስቀመጠች። ነጋዴዋ መነጽሯን አወረደች።

«አንዱ የኔ ነው። የትኛው እንደሆነ ግን… ወይ ጉድ፣ መለየት አቃተኝ።»

«እሳቸው እጅ እንዴት ገባ?»

«ባለፈው ሳምንት ከመስታወቱ ሥር አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ። ‹ለጥቂት ቀን አውሺኝ› አሉኝ። መምህርን እምቢ አይባልም፤ ሰጠኋቸው።»

«ማነው የሸጠልሽ?»

«የደንበኛ ስም አላወጣም። እንጀራዬ ነው።»

«ራዲዮ ነው?»

ነጋዴዋ ጣሳውን ገልብጣ ቂጡን መወልወል ጀመረች። «ራዲዮም ያመጣል።»

«‹ም› ያልሻትን ሰምቻለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሌላም ሰው አለ ማለት ነው።»

ነጋዴዋ ጣሳውን ትታ የተሰነጠቀውን መስታወት መወልወል ያዘች። 

የጥርስ ሠሪው ክፍል ጠባብና ንጹሕ ነው። በመደርደሪያው ላይ የጀሶ መንጋጋዎች አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። ሮዝ ሰም፣ ነጭ ዱቄት፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ መቅረጫዎች። ሰውየው ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። እንባው ደግሞ የውሸት አልነበረም፤ ኢንስፔክተሯ ይህን አይታ ነው ትንሽ የተደናገረችው።

«ጋሼ አባቴ ነው» አለ። «ሰው ‹ወንድምህ› ሲለኝ እንኳ ይከፋኛል።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ብቻዬን ሥራ ላይ ነበርኩ። ብሄድ ኖሮ…» ራሱን ነቀነቀ። «ያው ሄድፎኑ ነው የጎዳው። ጆሮውማ እስከ መጨረሻው አልደከመም። አፈር ላይ መርፌ ብትወድቅ ይሰማል እኮ! ልጅ ሳለሁ በር ላይ በሹክሹክታ ያወራሁትን ከጓሮ ሆኖ ሰምቶ ይቀጣኝ ነበር። አሁንም ያው ነው፤ ድምፄን ዝቅ ባደርግ እንኳ አንድ ቃል አያመልጠውም።»

ኢንስፔክተሯ አንገቷን ነቀነቀች፤ ከዚያም ሳይታሰብ አፏን ከፍታ የተሸረፈች ጥርሷን አሳየችው። «ይቺን ነገር ማሠራት ይቻላል?»

ሰውየው ኀዘኑን ለአፍታ የረሳ መሰለ፤ ጎንበስ ብሎ በሙያተኛ ዓይን አየ። «ይቻላል እንጂ። ቅርጹን እወስዳለሁ፣ ሰም አፈስበታለሁ፣ ሰሙ በምድጃ ቀልጦ ሲወጣ ብረቱ ቦታውን ይይዛል።»

«ከራሷ ጥርስ ይለያል?»

«የኔን ሥራ? የሠራኋት ጥርስና የበፊቷ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ባለቤቷም አትለይም። ቅርጽ ምንም አይምርም ኢንስፔክተር። ፀጉር የምታህል ጭረት ብትኖር እንኳ አብራ ትወጣለች።»

«እንዲህ ነው?» አለችና አፏን ገጠመች።

ቢሮዋ ተመልሳ ሳንቲሞቹን በአጉሊ መነጽር አየቻቸው። ከሃምሳ አለቃው ጋርም በሹክሹክታ ተነጋገረች፤ እሱ የብርበራ ፈቃድ ሊያወጣ ወደ ፍርድ ቤት፣ እሷ ወደ መምህሩ ቤት ሄዱ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በመምህሩ ሳሎን ተሰበሰቡ። ባለቤታቸው ከመስኮቱ ሥር፣ ጥርስ ሠሪው ከጎናቸው እጃቸውን ይዞ፣ ራዲዮ በሩ አጠገብ፣ ነጋዴዋ ከቁም ሳጥኑ ፊት። ኢንስፔክተሯ ቆማ ነው የምትናገረው፤ መቀመጥ አትወድም።

«መምህር ወድቀው አልሞቱም» አለች። «ደሙ ሄድፎኑ ሥር ደርቋል፤ ሄድፎኑ ላይ ግን ጠብታ የለም። አድርገውት ቢወድቁ ኖሮ ወይ ተሽቀንጥሮ በወደቀ፣ ወይ ደም በነካው። ስለዚህ ተገፍተው ከወደቁና ደሙ ከደረቀ በኋላ አንድ ሰው ወርዶ አጠለቀላቸው። ሥራ ላይ ሳሉ ሳያዩ የወደቁ እንዲመስል ነው።»

«አንድ መንገደኛ ቢሆንስ?» አለ ጥርስ ሠሪው።

«መንገደኛ ሰዓትና የገንዘብ ቦርሳ ትቶ ሳንቲም ብቻ አይወስድም። የወገብ ቦርሳቸው ተገልብጧል። የተፈለገው ሳንቲም ነው፤ የፈለገውም ሳንቲሙ ምን እንደሚናገር የሚያውቅ ሰው ነው። ግን አላገኘውም። መምህር በዚህች ውስጥ ነበር ያኖሩት።» ትንሿን ሳጥን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ይህቺ የምን እንደሆነች የሚያውቅ ማነው?»

«የመስሚያው ናታ!» አለ ራዲዮ። «ሁልጊዜ ከደረት ኪሱ ነው የምትወጣው።»

«የመስሚያቸው ናት» አለች ነጋዴዋም።

ጥርስ ሠሪው ከአንዱ ወደ ሌላው አየ። «የምን መስሚያ? ጋሼ መስሚያ የለውም።»  ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «እትዬ? ጋሼ መስሚያ ነበረው እንዴ?»

ሴትዮዋ ዘወር ብለው አዩት። እጃቸውን ግን ገና አላስለቀቁም። «ከሁሉ በላይ ላንተ እንዳልነግርህ ነበር ያስማለኝ» አሉ። «ሌላው ሰው ቢያውቅ ይችለው ነበር። ‹ለሱ አባቱ ነኝ፤ አባቱ ሲደነቁር ማየት የለበትም› ይል ነበር።»

 ኢንስፔክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«ሬሳውን ሳይ መስሚያዋ በጆሯቸው ውስጥ ነበረች፤ ሄድፎኑም በላይዋ ተደፍቶ ነበር። ትናንት ወይዘሮ እያዩ ሞክሬዋለሁ። ሄድፎን ሲደፋባት እንደ አይጥ ትጮኻለች፤ እንኳን ሳንቲም ፍለጋ፣ እንዲያ አድርጎ መቆምም አይቻልም። መስሚያዋን ያደረጉት ሰው ሊያናግሩ ነው። አናጋሪያቸው ከገደላቸው በኋላ ሄድፎኑን ሲያጠልቅላቸው መስሚያዋን አላያትም፤ አለች ብሎም አልጠረጠረም። ራዲዮ ቢሆን ያወልቃታል። ነጋዴዋም፣ ወይዘሮም እንዲሁ። በዚህ ክፍል ውስጥ መምህር መስሚያ እንዳላቸው የማያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

«ይህ ማስረጃ ነው?» አለ ጥርስ ሠሪው። ግንባሩ ወዝቷል። «አለማወቅ ወንጀል ሆነ? እኔ ጋሼን ለምን ብዬ?»

ኢንስፔክተሯ ሁለቱን ሳንቲሞች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «በዚህ ምክንያት። አንዱ ከዚህ ቁም ሳጥን ነው፤ መምህር መጀመሪያ ያገኙት። ሌላው ከሱቁ ነው። ሁለት ሳንቲም አንድ ዓይነት ንጉሥ ሊኖረው ይችላል። ሁለት ሳንቲም ግን ከመቶ ዓመት በላይ በሰው እጅ ሲዞር ኖሮ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ልክ አይጫርም። እነዚህ ከአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸው። በፊደሎቹ መካከል ብረት ሲፈስ የሚቀሩ ትንንሽ አረፋዎች አሉባቸው። በዚህ ከተማ ጭረት እንኳ ሳይቀር ቅርጽ የሚያወጣ ማነው? ራስዎ ነግረውኛል፤ የተሸረፈች ጥርሴን እያዩ።»

ወደ ነጋዴዋ ዞረች። «‹ራዲዮም› ብለሽኝ ነበር። አሁን ሌላውን ትነግሪኛለሽ፣ ወይስ አብረሽው ትሄጃለሽ?»

ነጋዴዋ መነጽሯን አወለቀች። «እሱ ነው» አለች። «‹የጋሼ ትርፍ ነው፤ ግን እንዳይሰማ፣ ይቀየመኛል› ይለኝ ነበር። ከመምህር መንደር ወጣ ሲባል ገዢ አይጠይቅም። በመምህር ስም የማያምን ማን አለ? እኔም አምኜ ነው የሸጥኩት።»

በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ። ሃምሳ አለቃው እያለከለከ ገባ፤ በእጁ አንድ የጎማ ቅርጽ ይዟል። ከጥርስ ሠሪው ክፍል፣ ከጀሶ መንጋጋዎቹ ኋላ ነው ያገኘው። በላዩ ላይ የንጉሡ ፊት ተገልብጦ ገብቷል፤ ጭረቱም ከአፍንጫ እስከ ጆሮ አለ።

ሴትዮዋ ያን ጊዜ ነው እጃቸውን የሳቡት።

ጥርስ ሠሪው ባዶ የቀረ መዳፉን ተመለከተ። «የመጀመሪያውን ለሱ ብዬ ነው የሠራሁት» አለ። «እትዬ ታውቃለች። ግድግዳ ላይ አፍጦ ሊሞትብን ነበር። አንዲት ሳንቲም ሠርቼ፣ በአሲድ አጥቁሬ፣ መንደሩ ውስጥ ቀበርኩለት። ሲያገኛት እንደ ልጅ ዘለለ። ከዚያ ሌላ ጠበቀ፤ ሌላ ሠራሁ። አንድ ቀን ሁለት ትርፍ ስለወጣኝ ወሰድኩና ሸጥኩ…»

«ሁሉንም?» አለ ራዲዮ። «ይሄ ሁሉ ቁም ሳጥን?»

ሰውየው አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ። 

«ከትናንት ወዲያ ምን አሉዎት?» አለች ኢንስፔክተሯ። ከዚያ ደግማ ጠየቀች። «ምን አሉህ?» አንቱታው ከአፏ የወደቀው ሳታስበው ነው።

«ሁለቱን ሳንቲሞች አሳየኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ‹ነገ ሄደን ለገዙት ሁሉ እንናገራለን፤ አብሬህ እቆማለሁ፤ ያሳደግኩህ እኔ ነኝና ጥፋቱ የኔም ነው› አለኝ። እጄን ያዘኝ፤ አሁኑኑ ወደ ቤት እንሂድ፣ ለእትዬም እንንገራት አለ። ሥራዬ፣ ስሜ፣ ሁሉም ነገር ታየኝ። እጄን ልቀቀኝ ብዬ ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«ወርደህ ስታየው በሕይወት ነበር?» አሉ ሴትዮዋ።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«በሕይወት ነበር ወይ ነው የምልህ!»

«ስሜን ጠራኝ» አለ። «ተቀመጥኩ። ሌላ ነገር አላደረግኩም እትዬ፤ ዝም ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ዝም እስኪል። ከዚያ ነው ሄድፎኑን…»

ሃምሳ አለቃው እጁን ይዞ አስነሳው። ሰውየው እንደ ሕፃን እየተመራ በጓሮ በኩል ወጣ፤ ግቢው በሰው ስለተሞላ ኢንስፔክተሯ በዚያ ውሰደው ብላ ነበር።

ነጋዴዋ ቦርሳዋን አንስታ በግድግዳው ጥግ ጥግ ሾልካ ሄደች። ራዲዮ ግን ከበሩ አልተነቃነቀም።

«አንተስ?» አሉት ሴትዮዋ። «ሕግ አለን፣ አንሸጥም ትሉ አልነበር?»

ራዲዮ ኮፍያውን በእጁ ጨምቆ ያዘ። «ሸጫለሁ። የልጅ ልጄ ታማ ነበር… አይ፣ ምክንያት አልደረድርም፤ ሸጫለሁ። አጠገቤ ሆኖ ሲቆፍር እኔ ያገኘሁትን ኪሴ ከትቼ ‹ቆርቆሮ ነው› እለው ነበር።»

«የሸጥካቸው እውነተኛ ነበሩ?»

«እውነተኛ ነበሩ።»

ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ የሳቅም የለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጡ። «እንግዲህ ያ ሰውዬ» አሉ፣ «በዚያ መንደር ውስጥ እየኳተነ ያረጀው የውሸቱን ብቻ ሲያነሳ ነው። እውነተኛው ሁሉ ከእግሩ ሥር ሲወሰድ አላወቀም። ወንድሙ፣ ጓደኛው፣ እኔ፤ ሁላችንም ዋሸነው። እኔም አውቅ ነበርኮ ልጄ። የመጀመሪያዋን አውቅ ነበር። ፈገግ ሲል ደስ ስላለኝ ቀጣዩን አልጠየቅኩም።»

ኢንስፔክተሯ ማጽናኛ ቃል ፈለገች፤ የመጣላት ሁሉ ግን ውሸት ሆነባት። «ቢጠይቁ ኖሮ ጥሩ ነበር» አለች።

«ጥሩ ነበር» አሉ ሴትዮዋ። ራዲዮን ቀና ብለው አዩት። «ሂድ። ነገ ተቀብሮ ሲያበቃ ተመለስና ለማን ለማን እንደሸጥክ ትነግረኛለህ። ዛሬ ግን ሂድልኝ።»

ራዲዮ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

ግቢ ውስጥ ያለው ሰው የፖሊስ መኪና ሲነሳ ሰምቶ መንሾካሾክ ጀምሯል። ኢንስፔክተሯ በመስኮቱ አየች፤ አሮጊቶቹ ወንበር እየሳቡ ለቤተ ዘመዱ ቦታ ያደላድላሉ፤ ከሁሉ ፊት አንድ ባዶ ወንበር ለመምህሩ ወንድም ተትቷል።

«ዛሬን ብቻ» አለች ኢንስፔክተሯ ዝግ ብላ፣ «‹ጉዳይ ኖሮት ሄደ› ቢሏቸው ማንም አይጠይቅም። እስኪቀበሩ ድረስ።»

ሴትዮዋ ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠራረጉ፣ በሩን በሰፊው ከፈቱት። ሕዝቡ ብድግ አለ። ከመሀል አንዲት አክስት ቀድማ መጥታ አቀፈቻቸው።

«ጠንከር በይ የኔ እናት፤ የት ሄደ ልጁ? ወንድሙ አጠገብሽ አይቀመጥም እንዴ?»

ሴትዮዋ ከእቅፏ ቀስ ብለው ወጡ። ድምፃቸው ለኋለኞቹም እንዲሰማ ቀና ብለው ቆሙ።

«የገደለው እሱ ነው» አሉ።